መኪናው ባዶውን ሲመለስ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ዛሬ ለምክር ነው የመጣሁት። ዕቁቡ ወጥቶልኛል፤ እህቴም ከአሜሪካ የአቅሟን ልካልኛለች። ደብረ ታቦር ላይ አንድ ሁለተኛ እጅ ኤፍኤስአር አይሱዙ አይቻለሁ፤ ቀብዱን እስከ ዓርብ ነው የሚጠብቁኝ። ንፋስ መውጫን መነሻ አድርጌ ከታች ጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ እየጫንሁ እሠራለሁ። በአንድ ልጀምር እንጂ ሐሳቤ በአንድ አያበቃም። ወንድሞቼም የእናንተም ልጆች የሚሠሩበት የቤተሰብ የጭነት ድርጅት እንዲሆን ነው የምፈልገው።

ጋሼ፦ የፈለግኸው ምክር ነው ምርቃት? ምርቃት ከሆነ አሁኑኑ ተነስቼ እመርቅሃለሁ። ምክር ካልህ ግን አንድ ጥያቄ መልስልኝ፤ ስማዳ ወገዳ ከተማ ደርሰህ ያራገፍህ ዕለት ምን ጭነህ ትወጣለህ?

ወጣቱ፦ ወደ ወገዳ የሚገባው እኮ ብዙ ነው። ማዳበሪያ አለ፣ ሲሚንቶ አለ፣ ቆርቆሮ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ የሴፍቲኔት እህል…

ጋሼ፦ ስለሚገባው አልጠየቅሁህም። ስለሚወጣው ነው።

ወጣቱ፦ የሚወጣም አለ። በግ፣ ፍየል፣ ባቄላ፣ በወቅቱ ደግሞ ጤፍ።

ጋሼ፦ “በወቅቱ” ያልኸውን ያዝልኝ። ስማዳና ታች ጋይንት ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር አንስቶ የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። ይህ ለሹፌር ምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ከኮምቦልቻ ወይም ከአዳማ መጋዘን መኪናው ሞልቶ ይመጣል፣ ይራገፋል፣ ባዶ ስፖንዳውን እያንኳኳ ይመለሳል። እህል ተረድቶ የሚበላ አገር በየሳምንቱ እህል አያስጭንም። ኪራይ የምትዋዋለው ለመሄጃው ነው፤ ናፍጣው ግን ለመሄጃም ለመመለሻም ይቃጠላል። የመመለሻውን ማን ይከፍልሃል?

ወጣቱ፦ ያስጫነው ነጋዴ ይከፍላላ! ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ወደ ወገዳ የሚጠየቀው የኩንታል ዋጋ ከወረታ ንፋስ መውጫ ከሚጠየቀው ጋር አንድ አይደለም። ባዶ መልሱ መሄጃው ላይ ተቆርጦ ያድራል።

ጋሼ፦ ብቻህን ከሆንህ አዎ። ጎንህ የቆመው አይሱዙ ግን ሦስት ቀን ጭነት ያጣ ከሆነ “ናፍጣዬን ብቻ ቻሉኝ” ብሎ ይነሳል። አንተም ቤትህ የምትልከው ብር ስትፈልግ ከሱ በታች ትወርዳለህ። ያን ጊዜ ያወጣኸው ዋጋ የት አለ?

ወጣቱ፦ እሺ፣ ወገዳን ለጊዜው እንተወው። ላይ ጋይንት ድንች አለ። የኛ ገበሬ ድንቹን ገና ማሳው ላይ እንዳለ በርካሽ ለደላላ ይሰጣል። ደላላው ከገበሬው የሚበልጠው በምንድን ነው? መኪና የት እንደሚገኝ በማወቁ ብቻ። መኪናው የኔ ቢሆን ለገበሬው ጥቂት ጨምሬ፣ እኔም አትርፌ፣ ባሕር ዳርም ጎንደርም ወልዲያም አደርሰዋለሁ።

ጋሼ፦ ድንች ጭነህ ታውቃለህ?

ወጣቱ፦ ሲጫን አይቻለሁ።

ጋሼ፦ ማየትና መጫን ለየቅል ናቸው። ድንች ፀሐይዋ በረድ ስትል ነው የሚጫነው። ጆንያውን አጥብቀህ ከደረደርህ መሐሉ ይታፈናል፤ አላልተህ ከደረደርህ ጨጨሆ ጠመዝማዛው ላይ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ይጋደምብሃል። የታችኛው ረድፍ የላይኛውን ተሸክሞ ነው የሚያድረው፤ ስለዚህ ልጣጩ የጠናውን ከሥር፣ ለጋውን ከላይ ታደርጋለህ። ሸራውን ጥርቅም አድርገህ ካሰርኸው ያልበዋል፤ ከፍተህ ከተውኸው የጉና ዝናብ ያገኘዋል። ከፊትና ከኋላ አንድ ክንድ የሚያህል መተንፈሻ ትተውለትና ሌሊቱን ትነዳለህ። ጎማ ፈንድቶብህ ረፋድ ላይ ከደረስህ ከስፖንዳው ሥር ጠብ ጠብ የሚል ነገር ታያለህ። ያ የድንቹ ውኃ ነው። ገዢው ካንተ ቀድሞ ያየዋል፤ ዋጋውንም የሚናገረው ካየው በኋላ ነው።

ወጣቱ፦ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ ያለው ስንት ቤተሰብ ነው? የምመካው እኮ በመኪናው አይደለም፤ በአንቱ ነው።

ጋሼ፦ በኔ ተመክተህ ባንክ ብትሄድ ስንት ያበድሩሃል?

ወጣቱ፦ ባንኩ ያበድረኝ አላልሁም። መንገዱን ያውቁታል፣ ሰዉን ያውቁታል፣ ከአርብ ገበያ እስከ መካነ ኢየሱስ “የእገሌ ዘመድ ነው” ተብዬ እታመናለሁ። የአዲስ አበባ ኩባንያ መቶ መኪና ቢኖረው ይህ የለውም። ደግሞም ይህ መንገድ ከጥንቱም የጭነት መንገድ ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከደብረ ታቦር አንስተው፣ በዚሁ በጋይንት በኩል ገደሉን እያስጠረቡ፣ መጋቢት ላይ መቅደላ አደረሱት። ወደ 7 ቶን የሚገመት ብረት በሰው ጉልበት! አሁን አስፋልት ላይ ሆነን እንፍራ?

ጋሼ፦ አዎ፣ አደረሱት። መልስ ጭነት አልነበረውምና እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ ላይ ነው።

ወጣቱ፦ ቀልዱን ይተዉት ጋሼ።

ጋሼ፦ ቀልድ አይደለም። መንገድ መኖሩና ጭነት መኖሩ ሁለት ነገር ነው። የወረታ ወልዲያን መንገድ እየው፤ ጃንሆይ በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግ ሄደው ከተመለሱ በኋላ ቻይናዎች በደርግ ጊዜ የሠሩት ነው። ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። አባቶችህ ዛሬም “የቻይና መንገድ” ነው የሚሉት። ጎንደርን ወደ አሰብ ያቀረበው እሱ ነው። ታዲያ ብዙው መኪና ጋይንትን የሚያውቃት ምሳ በልቶ ሲያልፍባት ነው። ከወልዲያ የጫነ ጎንደር ያራግፋል፣ ከጎንደር የጫነ ኮምቦልቻ። ንፋስ መውጫ ላይ ፍሬኑን አብርዶ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል።

ወጣቱ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው እኮ። የሚያልፍባት እንጂ የሚነሳባት ስለሌለ ነው። አንድ ሰው መነሳት አለበት።

ጋሼ፦ እኛስ አልተነሳንም? በደርግ ጊዜ የግል መኪና ያለው ሰው መኪናው የሱ፣ ስምሪቱ የመንግሥት ነበር። በቀጠና ተደራጅተህ ተራህን ትጠብቃለህ፤ ታሪፉ ከላይ ተወስኖ ይመጣል። እኔ በኤንትሬ ፊያት ላይ ረዳት ሆኜ የገባሁት በዚያ ዘመን ነው። ባለመኪናው ቀን ከሌሊት ይማረር ነበር፤ ግን ጭነት ለማግኘት የደላላ ደጅ ሲጠና አላየሁትም። በ1984 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 14 ወጣና ገበያው ተከፈተ። ነፃነቱ መጣ፣ ደላላውም አብሮት መጣ።

ወጣቱ፦ አንቱስ የራስዎን መኪና የያዙት መቼ ነው? ከ1984 በኋላ አይደለም? ቀጠናው ቢቀጥል ኖሮ እስካሁን የሰው መኪና ላይ ነበሩ።

ጋሼ፦ እሱ ትክክል ነው። ቀጠናው ይመለስ የሚል የለም። የምልህ ሌላ ነው፤ ቀጠና እያለ መልስ ጭነት መፈለግ የመንግሥት ራስ ምታት ነበር፤ አሁን የባለመኪናው ሆኗል። ትልልቆቹ ይህን ራስ ምታት ለማስታገስ ቢሮ አላቸው። ጥቁር ዓባይ ትራንስፖርት ሰው ቀጥሮ ጭነት ያፈላልጋል። ተሳቢ ያለው ሲኖትራክ 400 ኩንታል ይዞ ሲነሳ የአንድ ኩንታሉ ናፍጣ ካንተ ያነሰ ነው። አንተ አይሱዙህ ላይ ከ70፣ ከ80 ኩንታል ብታሳልፍ ወይ ሚዛን ጣቢያው ይይዝሃል፣ ወይ ባሌስትራህ ይሰበራል።

ወጣቱ፦ ሲኖትራኩ ከአርብ ገበያ ወዲያ ባለው ኮረኮንች ላይ ይገባል? ገበሬው ደጅ ድረስ ይሄዳል? ትልቁ መኪና ትልቅ ጭነት እስኪሞላለት ይቆማል፤ እኔ ከሦስት ነጋዴ አሰባስቤ እነሳለሁ። ከኔ ጋር የሚወዳደረው ሌላ አይሱዙ እንጂ ሲኖትራክ አይደለም። ካደግን ደግሞ እኛም ጅቡቲ እንወርዳለን። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአገሪቱ ዕቃ በሙሉ ማለት ይቻላል በዚያ በኩል ነው የሚገባው። በሚሌ፣ በጋላፊ…

ጋሼ፦ ቆይ ቆይ፣ ገና ደብረ ታቦር የቆመውን አልገዛህም። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል ወደ 3,000 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ነው። ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን የወረደ ሹፌር የድልብን ቁልቁለት ሳይጨርስ ፍሬኑ ይነድዳል። በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይባላል፤ ይህን ለቀጠርኸው ልጅ ስትነግረው ይሰማሃል፣ ብቻውን ሲሆን ግን ቶሎ ለመድረስ ይለቀዋል። የጅቡቲውንም ጭነት ባቡሩ እየተሻማው ነው፤ በ2009 ተመርቆ በ2010 ሥራ ጀምሯል። እኛ አካባቢ ወልዲያ አቅራቢያ ሐራ ገበያ ድረስ ተብሎ የተጀመረውም ሐዲድ አንድ ቀን ሥራ ይጀምራል።

ወጣቱ፦ ባቡር ወልዲያ አፋፍ ቢደርስልኝ ደስታዬ ነው። ባቡር ጨጨሆን አይወጣም። ከጣቢያው እስከ ንፋስ መውጫ የሚያደርስለት ማን ነው? እኔ ነኛ!

ጋሼ፦ በዚህስ አልከራከርህም። እንግዲህ ስለ ሒሳቡ እናውራ። በወር ምን ያህል አገኛለሁ ብለህ አሰብህ?

ወጣቱ፦ ናፍጣ፣ ዘይት፣ የሹፌርና የረዳት አበል፣ የጫኝና አውራጅ፣ የኬላ ኮቴ፣ ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ ቦሎ፣ ሁሉንም ቀንሼ ጥሩ ይተርፋል። በወረቀት ጽፌዋለሁ።

ጋሼ፦ ጎማስ?

ወጣቱ፦ ጎማም አለበት።

ጋሼ፦ መኪናውስ?

ወጣቱ፦ መኪናው እንዴት?

ጋሼ፦ የመኪናው ዋጋ። እንበልና ይህ መኪና ከዛሬ ጀምሮ 10 ዓመት ይሠራል። ያ 120 ወር ነው። የገዛህበትን ለ120 አካፍለህ ያን ያህል በየወሩ ለብቻው ካላስቀመጥህ፣ “ተረፈኝ” ያልኸው ብር ትርፍ አይደለም፤ መኪናውን እየቆረስህ እየበላኸው ነው። በዚህ አገር አንድ መኪና የነበራቸው ሰዎች ምን ሆኑ? ልጅ አስተማሩ፣ ቤት ሠሩ፣ ሠርግ ደገሱ። ሞተሩ የወረደ ዕለት ግን ማሠሪያ የላቸውም። መኪናው ጋራዥ አጥር ሥር ይቆማል፣ ሣር ይበቅልበታል፣ ሊብሬው ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

ወጣቱ፦ ይህን ይበሉኝ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ ይሁን ተባለ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። እንዳንቱ ምክር በየወሩ ለመኪና መለወጫ ብር ባንክ ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው በዚያ ክረምት ምን አገኘ? ብሩ እንዳለ አለ፣ መኪናው ግን እጥፍ ሆኖ ጠበቀው። ያስቀመጠው ብር ሁለተኛ መኪና የሚያህል በሆነ ዕለት የገዛበት ግን አልተነካም፤ የሱም መኪና አብሮ ተወደደለት። ስለዚህ ለኔ ሁለተኛ መኪና ማለት ስግብግብነት አይደለም። ሌላ ማስቀመጫ ስለሌለ ነው።

ጋሼ፦ …በዚህስ ረታኸኝ። እኔ ያልሁት የድሮውን ብር ይዤ ነው።

ወጣቱ፦ ስለዚህ ቶሎ መግዛት፣ ቶሎ መጨመር ነው የሚያዋጣው። ብድርም ቢሆን፤ ብር ከረከሰ ዕዳውም ይረክሳል።

ጋሼ፦ ዕዳው ይረክሳል፤ ወሩ ግን አይዘልልህም። ባንኩ በየወሩ ይፈልግሃል፣ መንገዱ ግን በየወሩ አይከፈትልህም። በ2013 ነሐሴ ንፋስ መውጫ ጦርነት ውስጥ በነበረችበት ጊዜ መኪናውን ይዞ ማን ወጣ? ከ2015 ክረምት ወዲህስ መንገድ ተዘጋ ሲባል ስንት ቀን ቆምን? ኢንሹራንስ እንዳትለኝ። በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ነው፤ እሱ የሚያየው አንተ በሰው ላይ ያደረስኸውን ጉዳት ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ብትገባም ውሉን ገልጠህ አንብበው፤ ጦርነትና ሁከት አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። ይህን ሁሉ በአንድ መኪና ላይ ተሸክመህ ቤትህን መያዣ ታደርጋለህ?

ወጣቱ፦ መንገድ ሲዘጋ ጨው የሚጠፋው ከወገዳ ነው፣ መድኃኒት የሚጠፋው ከወገዳ ነው። መንገድ የተከፈተ ዕለት መጀመሪያ የሚነሳው ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ እዚያ እናት ያለው ሹፌር ነው። ኩባንያው ሁኔታውን እያጠና ይቆያል። ለትርፍ ብዬ ብቻ አይደለም እኮ…

ጋሼ፦ እዚያ እናት ያለው ሹፌር ነው የሚሞተውም።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ስለ አሜሪካው ልንገርዎ። አርካንሳስ በሚባል ክፍለ ሀገር ጄ.ቢ. ሃንት የሚባል ሰው ነበር፤ የጭነት መኪና ሹፌር። በ1961 እ.ኤ.አ. የሩዝ ገለፈት እያሸገ ለዶሮ አርቢዎች መሸጥ ጀመረ፤ ከዶሮዎቹ ሥር ይነጠፋል። በ1969 አምስት መኪናና ሰባት የማቀዝቀዣ ተሳቢ ገዛ። ዛሬ ድርጅቱ ከአሜሪካ ትልልቆቹ የጭነት ኩባንያዎች አንዱ ነው። ገለፈት እኮ ነው ጋሼ! ወረታ ወፍጮ ቤቶች ጓሮ የሚከመረው የፎገራ ሩዝ ገለፈት ዓይነት።

ጋሼ፦ ሰውዬው መጀመሪያ የያዘው ምኑን ነው? መኪናውን ነው ገለፈቱን?

ወጣቱ፦ ገለፈቱን።

ጋሼ፦ ስምንት ዓመት ሙሉ! እኔ የምለው እንግዲህ ይኸው ነው። አንተ የጀመርኸው ከመጨረሻው ነው። በዚያ ብር ንፋስ መውጫ ላይ መጋዘን ተከራይ። ከገበሬው ድንቹን ተረከብ፣ ከስማዳ ባቄላውን ሰብስብ፣ ከነጋዴው የመሄጃውን ጭነት ተዋዋል። መኪና ተከራይተህ አስጭን። አንድ ዓመት እንዲህ አድርገህ የመሄጃም የመመለሻም ጭነት በእጅህ መሆኑን ካየህ፣ ያን ጊዜ ግዛ። ጭነት ያለው ሰው መኪና አያጣም። መኪና ያለው ሰው ግን ጭነት ሲያጣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወጣቱ፦ ጭነት ያለው ሰው መኪና አያጣም? ድንች በሚደርስበት ሰሞን ንፋስ መውጫ ላይ ቆመው ያውቃሉ? ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወጣል። ያን ሰሞን የመኪና ኪራይ የሚወስነው ደላላው ነው። ጭነት ይዤ መኪና የሌለኝ ከሆነ ድንቹ መጋዘኔ ውስጥ ይበቅልብኛል፤ ያንን እያየ ነው ዋጋ የሚጠራብኝ። ሃንት ገለፈት ነበር የያዘው፤ ገለፈት ዓመት ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ድንች ግን አይጠብቅም። የሚበሰብስ ዕቃ የያዘ ሰው መኪናው የራሱ ካልሆነ ነጋዴ ሳይሆን የደላላው ሎሌ ነው።

ጋሼ፦ ታዲያ ድንቹን ተወውና ባቄላውን ያዝ።

ወጣቱ፦ ባቄላውንማ ማንም ይጭነዋል። ትርፉ ያለው ሌላው የሚፈራው ላይ ነው።

እትዬ፦ እስቲ እኔም አንድ ነገር ልናገር። ያ አሜሪካዊ ሚስት አልነበረውም?

ወጣቱ፦ ነበረችው እትዬ። ጆኔል ትባላለች። እሱ ሥራውን ሲሮጥ ደብተሩንና ያልተከፈለ ሒሳብ ማስመለሱን የያዘችው እሷ ነበረች።

እትዬ፦ እንግዲያው ለአጎትህ የነገርኸው ግማሹን ነው። ከገባችሁ ጀምሮ እሰማችኋለሁ፤ ስለ መኪና ታወራላችሁ፣ ስለ ድንች ታወራላችሁ፣ አንተ ግን መጀመሪያ ያልኸው “የቤተሰብ ድርጅት” ነበር። ስለሱ አንድ ቃል የተናገረ የለም። አጎትህ መኪና በነበረው ጊዜ ደብተሩን የያዝሁት እኔ ሚስቱ ነኝ። እዚያ ደብተር ላይ የሌለ ነገር ምን እንደሆነ ልንገርህ። የሱ ደሞዝ የለም። ዓመቱን ሙሉ ነድቷል፤ ሰው ቢቀጥርበት ኖሮ የሚከፍለው አንድም ወር አልተጻፈም። ረዳት የነበረው ልጃችንም አልተጻፈለትም፤ “የራሱ ቤት አይደል?” ተባለ። ለለቅሶ ድንኳን በነፃ ጭነናል፣ ለሠርግ በነፃ፣ ለክርስትና በሬ በነፃ። እሱም አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ የተረፈውን ትርፍ እንለው ነበር።

ጋሼ፦ ዘመድን ኪራይ ልጠይቅ ነበር?

እትዬ፦ አትጠይቅ። ግን ጻፈው። ለእገሌ ለቅሶ ይህን ያህል ብለህ ጻፈው።

ወጣቱ፦ እትዬ፣ በነፃ የተጫነለት ሰው እኮ በሌላ ቀን ጭነቱን ለኛ ይሰጣል። ቅድም ለጋሼ “እታመናለሁ” ያልሁት በምን የሚመጣ ይመስልዎታል? በዚሁ ነው። ለቅሶ ላይ ኪራይ የቆጠረ ሰው አርብ ገበያ ላይ ኩንታል አያገኝም።

እትዬ፦ ይሰጣል። ስለዚህ ነው ይጻፍ ያልሁህ፤ ስንት እንደሰጠህና ስንት እንደተቀበልህ እንድታውቅ። ሌላም አለ። ወንድሞቼ ይሠሩበታል ብለሃል። ትልቁ ወንድምህ ይንዳ እንበል። አንድ ምሽት ጠጥቶ መሪ ቢይዝ ታባርረዋለህ? የተቀጠረውን ሹፌር በማግስቱ ታሰናብተዋለህ። ወንድምህን ብታሰናብተው እናትህ በፋሲካ ቤትህ አትገባም።

ወጣቱ፦ የተቀጠረው ሹፌር ደግሞ ናፍጣ ይቀዳል፣ በመንገድ ላይ ሰው ይጭናል፣ ጎማ ይለውጥብኛል። ወንድሜ ቢያጠፋም አይሰርቀኝም።

እትዬ፦ ይሰርቅሃል አላልሁም፤ ማዘዝ አትችልም ነው ያልሁህ። በመኪናው ላይ ድርሻ እንዳለው በአፍ ተነግሮታል፣ በወረቀት ግን የለውም። አፍ የሰጠው ድርሻ ደግሞ ልክ የለውም፤ እሱ እኩል ነው ብሎ ያስባል፣ አንተ ሩብ ነው ብለህ። እህትህም ከአሜሪካ የላከችው ብድር ይሁን ድርሻ ይሁን ስጦታ ገና አልጠየቅሃትም፤ አይደለም?

ወጣቱ፦ …አልጠየቅኋትም።

እትዬ፦ እግዚአብሔር አያድርገውና አንተ ብትታመም ወይም አንድ ነገር ብትሆን፣ መኪናው በስምህ ከሆነ ውርስ ነው። ወራሽ ሁሉ እኩል ይመጣል። በግ ቢሆን ይከፈል ነበር፤ መኪና አይከፈል። ይሸጣል፣ ብሩ ይከፈላል፣ ድርጅት ያልኸው በዚያው ያበቃል። በማኅበር ስም ከሆነ ግን የሚከፈለው የማኅበሩ ድርሻ ነው፤ መኪናው በማግስቱ ጭኖ ይወጣል። ልጄ ወረዳ ፍትሕ ቢሮ ሲሠራ ሕጉን አምጥቶ አንብቦልኛል። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በ1243/2013፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም የሚጠየቀው ካፒታል 15,000 ብር ነው። አንተ ለጎማ ከምታወጣው ያነሰ ነው።

ጋሼ፦ አንቺ ደግሞ! ማኅበር ብሎ በተመዘገበ ማግስት የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ይሆናል። ሒሳብ ሹም ይቀጥራል፣ ደረሰኝ ይይዛል፣ ከትርፉ 30 በመቶ ይከፍላል። በአንድ አይሱዙ!

ወጣቱ፦ እኔንም የሚከብደኝ እሱ ነው። ደግሞ ወንድምን በፊርማ ማሰር… ገና ሳንጀምር “አታምነኝም?” ይለኛል። በአገራችን ወረቀት የሚጠየቀው ከተጣሉ በኋላ ነው።

እትዬ፦ ከተጣሉ በኋላ የሚጠየቀው ወረቀት ምን ላይ ይጻፋል? ወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጠው የምታያቸው ወንድማማቾች በፊርማ የተጣሉ ናቸው ያለ ፊርማ?

ጋሼ፦ ግብሩን አልመለስሽልኝም።

እትዬ፦ ግብሩ ይከብዳል፤ አይከብድም አላልሁም። ማኅበሩ በሁለተኛው መኪና ይቋቋም ካልህም እስማማለሁ። ደብተሩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጀምር፤ ድርሻውም በምስክር ፊት ይጻፍ።

ወጣቱ፦ የጋሼ መጋዘንስ? እትዬ በሱ ላይ ምን ይላሉ?

እትዬ፦ በሱ ላይ ከሁለታችሁም ጋር ነኝ። ለባቄላው እሱ እውነቱን ነው፤ ለድንቹ አንተ። ከአንድ አካባቢ የሚሰበሰብ ድንች ግን ዓመቱን ሙሉ መኪና አያሠራም። የድንቹ ወቅት ሲያልፍ በቀረው ወር ምን እንደምትጭን ስም ጠርተህ፣ ነጋዴውን አነጋግረህ፣ ጽፈህ አምጣልኝ። ለመሄጃም ለመመለሻም።

ጋሼ፦ ይኸው፣ እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።

እትዬ፦ አንተ ጠየቅኸው፤ እኔ ብር ስለምሰጠው ነው የምጠይቀው። የጎደለህን እኔ እሞላለሁ ብዬ ቃል ገብቼልሃለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ግን የእህትህ ብር ምን እንደሆነ ጠይቀህ፣ የወንድሞችህን ድርሻ አስፈርመህ፣ የሚነዳው ማንም ይሁን ማን በየወሩ ደሞዝ እንደሚከፈለው ጽፈህ ካልመጣህ ከኔ ሒሳብ ብር አይወጣም።

ወጣቱ፦ ይህን ሁሉ እስከ ዓርብ እንዴት አደርሳለሁ? መኪናው ይሸጥብኛል እኮ።

እትዬ፦ ይሸጥ። ደብረ ታቦር ላይ የሚሸጥ አይሱዙ ጠፍቶ አያውቅም።